የአባቴ ጆሮና የጋራዤ ኮምፕሬሰር

ጎረቤታችንን ሁላችንም «ሲስተር» ብለን ነው የምንጠራቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ነርስ ነበሩ፤ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጡም በኋላ ከሙያቸው አልወጡም። ሌሊቱን ሆስፒታል አድረው ጠዋት ይገባሉ፤ ሰፈሩ ሲነቃ እርሳቸው መጋረጃ ዘግተው ይተኛሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችንን አንኳኩ። ባለቤቴ ሽሮ ልካላቸው የነበረውን ሳህን ይዘው ነው የመጡት፤ ባዶውን አልመለሱትም፣ ድፎ ዳቦ አድርገውበታል። ሳህኑን ከተቀበልኳቸው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ወንድሜ፣ ጋራዥህ ውስጥ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው? እንቅልፌን በዚያው ላስተካክል ብዬ ነው።»

ሊቆጡኝ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የምሠራበትን ሰዓት እቀንሳለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እርሳቸው ግን ማሽኔን ሊያስቆሙ አልመጡም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕመም ሲያስታምሙ ያደሩ ሴት፣ የሚተኙበትን ሰዓት እኔ ምስማር ከምመታበት ሰዓት ጋር ሊያስማሙ ነው የመጡት። ያን ቀን ማሽኑን ዳግመኛ አላስነሣሁትም።

ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ በጋራዤ ውስጥ የእንጨት ሥራ እሠራለሁ፤ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ረከቦት፣ አልፎ አልፎም ለቤተ ክርስቲያናችን አትሮኖስ። ሲስተር የጠየቁኝ ማሽን ኮምፕሬሰር ነው፤ አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያከማች። የታመቀው አየር የሚያስፈልገኝ ቀጭን ምስማር ለሚመታው መሣሪያ፣ ሰጋቱራ ለማራገፍና የመኪናችንን ጎማ ለመንፋት ነው። በሕግ ብሄድ መከራከሪያ አላጣም ነበር። የምንኖርበት የሞንጎመሪ ካውንቲ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደ ጎረቤት የሚሻገረው ድምፅ በቀን ከ65፣ በሌሊት ከ55 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የእኔ ማሽን ግድግዳውን አልፎ ሲደርስ ከዚያ በታች ነው። ግን ሲስተር የሚተኙት ሕጉ «ቀን» ብሎ በተወው ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚጠብቃቸው የጎረቤት ይሉኝታ ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት እንቅልፍ የነሣኝ ግን የሲስተር ጥያቄ ብቻ አልነበረም። የአባቴን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ በሆነች ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ጎማ ፈትቷል፣ ለጥፏል፣ ነፍቷል። የክፍሏን ግማሽ የያዘው ኮምፕሬሰሩ ነበር። ሰማያዊ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ዝገት ይታይ ነበር፤ የቺንጊያው መከለያ ተነቅሎ ከወደቀ ብዙ ዘመኑ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ተደራርበው በተቀመጡ ጎማዎች ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። የተበሳውን ጎማ በጣሳ ውኃ ውስጥ እየነከረ የአየሩን አረፋ ሲፈልግ፣ ድንገት ማሽኑ ይነሣል፤ ቆርቆሮው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ደንበኛ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ እስኪቆም ይጠብቃል። አባቴ ግን አያቋርጥም፤ ይጮሃል። ቤት ሲመጣም ይጮህ ነበር። እኛ ልጆቹ ቁጡ ሰው ይመስለን ነበር።

ያኔ ጆሮው የሙያው መሣሪያ ነበር። ማሽኑ ሲሠራ ለአፍታ ቆሞ ያዳምጥና «ባልቦላው በደንብ አይገጥምም» ይላል፤ አየሩን የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ክዳን ማለቱ ነው፤ ሲፈታው እውነትም ስስ ብረቷ ጥላሸት ይዛ ትገኛለች። ዛሬ ስልክ ስደውልለት አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኛል፦ «ድምፅህ ይሰማኛል ልጄ፣ ቃሉ ነው የማይሰማኝ።» ይህን አባባል ለረጅም ጊዜ የእርጅና ነገር አድርጌ ነበር የምወስደው። በኋላ እንደተረዳሁት ግን የሚናገረው ትክክለኛ ሕክምናዊ እውነት ነው። ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ጉዳቱ የሚጀምረው በሰከንድ 4,000 ጊዜ አካባቢ በሚርገበገበው ድምፅ ላይ ነው። እንደ ሰ፣ ፈ፣ ተ ያሉ ድምፆች በአብዛኛው የሚለዩት በዚያ ከፍታ ላይ ባለው ትንፋሽ ነው። ወፍራሙ የአናባቢ ድምፅ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው የንግግሩን ዜማ ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ደግሞ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ልጄ በስልክ ስትስቅለት እርሱም ይስቃል፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብሎ «ምን አለች?» ይላል።

ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ 85 ዲሲቤል ባለበት ቦታ ሰው በቀን 8 ሰዓት መቆየት ይችላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። አባቴ ቡሎን የሚፈታበት የአየር መሣሪያ ብቻውን በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ 100 ሊያልፍ የሚችል ነው። ሃያ ስምንት ዓመት። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ስሠራ ከማዘን አልፌ ተናድጃለሁ፤ አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ የጆሮ መሸፈኛ አድርግ ያለው አልነበረም።

ኒዮሽ ለአይፎን በነፃ የሚሰጠው የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አለ። ስልኬን ከማሽኔ አንድ ሜትር አርቄ ለካሁ፦ 88። ያንን ማሽን የገዛሁት ከአንድ ሰው በርካሽ ነው፤ ታንኩ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ ዘይት የማይጠቀም፣ ሞተሩ በጥድፊያ የሚሽከረከር። የአባቴን ጩኸት በገዛ ቤቴ፣ ልጄ ከምትጫወትበት ክፍል ሥር አስገብቼው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ኮምፕሬሰር ለምን እንደሚጮህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጩኸቱ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል፤ ትልቁ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አየሩ ከሚገባበት አፍ ነው። መኪና ያለ ማርሚታ ሲነሣ እንደሚጮኸው ሁሉ ኮምፕሬሰርም ያለ ማፈኛ ይጮሃል፤ ልዩነቱ መኪና የሚጮኸው ሲያስወጣ፣ ኮምፕሬሰር ግን ሲያስገባ መሆኑ ነው። ፒስተኑ በሳበ ቁጥር አየሩ ይመታል፣ ባልቦላዎቹ ይጨበጨባሉ፣ ታንኩ ራሱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከዚያ ማቀዝቀዣው ነፋስ አለ፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሲቆም በቧንቧው የቀረውን አየር የሚለቅበት ፉጨት። ተኝቶ ላለ ሰው ደግሞ ከሁሉም የከፋው መነሣቱ ነው፤ ያለማስጠንቀቂያ፣ ከጸጥታ በአንድ ጊዜ።

ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ለማረም ሞከርኩ። ከአየር መሳቢያው አፍ ረዘም ያለ ቱቦ አውጥቼ ጫፉ ላይ የመኪና ፊልትሮ ገጠምኩበት፤ 88 የነበረው 83 ሆነ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፣ አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ከልብ እመክረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ግን ስሕተት ነበር። ማሽኑን በኮምፔንሳቶ ሣጥን ውስጥ ዘጋሁት፣ ከውስጥ አረፋ ለጠፍኩበት። ድምፁ እጅግ ጠፋ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማሽኑ በራሱ ቆመ፤ ሣጥኑን ስከፍት የጋለ ቫርኒሽ ሽታ ፊቴን መታኝ፣ የታንኩን ጫፍ በጣቴ መንካት አልቻልኩም። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ያ ሙቀት የሚወጣበት ከሌለ መጀመሪያ ሞተሩ፣ ከዚያም ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። አየር ማስገቢያና ማስወጫ፣ ከነማራገቢያው፣ በአግባቡ ካልተሠራለት ኮምፕሬሰር ሣጥን ውስጥ አይዘጋም።

አዲስ መግዛት እንዳለብኝ ከወሰንኩ በኋላ ከባዱ ነገር ቁጥሮችን ማንበብ ሆነ። ዲሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዲሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ጆሯችን ግን ሁለት እጥፍ ያህል አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ከ80 ወደ 60 መውረድ ማለት በኃይል አንድ መቶኛ፣ በጆሮ ደግሞ ሩብ ያህል መሆን ነው። ሌላው ነገር ርቀቱ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ሻጩ በስንት ሜትር እንደለካ ካልነገረህ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ በትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ላይ የሚለጠፈው 97 የሚል ምልክት የማሽኑን ጠቅላላ የድምፅ ኃይል የሚያሳይ ነው እንጂ ጆሯችሁ ዘንድ የሚደርሰውን አይደለም። ያው ማሽን በገላጣ ቦታ በአንድ ሜትር ላይ ወደ 89፣ በአራት ሜትር ላይ ወደ 77 ይወርዳል። አንዱ ሻጭ 97፣ ሌላው 77 ብሎ ሲጽፍ ሁለቱም ያው ማሽን ሊሆን ይችላል።

ጸጥታው የሚገኘው ከዝግታ ነው። ትንንሾቹ ጯሂዎች በደቂቃ 3,400 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሽከረከራሉ። ዝግተኞቹ ግማሹን ያህል ይዞራሉ፤ የጎደለውን ፍጥነት ሁለት ሰፋፊ ፒስተኖች በማድረግ ያካክሳሉ። «ዘይት የሌለው ሁሉ ይጮሃል» የሚለው የድሮ ምክር ለድሮዎቹ ማሽኖች እውነት ነበር፤ አሁን ግን ዘይት አልባ ሆነው 60 ዲሲቤል አካባቢ የሚሠሩ አሉ። ዘይት ያለው ማሽን በደንብ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው፣ እኔም አክብሮቴ ለእርሱ ነው፤ አባቴን ያኖረው እርሱ ነው። ለእንጨት ሥራ ግን ከአየሩ ጋር የሚመጣ የዘይት ጠብታ ቫርኒሹ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይፈጥራል። አትሮኖስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልፈልግም።

ጸጥታ ግን በነፃ አይገኝም፤ የሚከፈለው በአየር ነው። እዚህ አሜሪካ አየሩ የሚለካው በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ እንደሚያወጣ ነው፣ ሲኤፍኤም ይሉታል። በፈረስ ጉልበቱና በታንኩ መጠን የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። ቀጭን ምስማር የሚመታ መሣሪያ በዝግታ ከተሠራበት ግማሽ ሲኤፍኤም እንኳ አይፈጅም። የአየር መሞረጃ ግን ያለማቋረጥ 8 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ትልልቅ የቀለም መርጫዎች 10 ያልፋሉ። አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ጸጥተኛ ማሽን ከ2 ብዙም አይዘልም። ትልቅ ታንክ ይህን አያድንም፤ ማሽኑ የሚነሣበትን ጊዜ ያራርቃል፣ ሲነሣ ግን ለመሙላት የሚወስድበትን ያረዝማል። እኔ ቁጭ ብዬ በእውነት የምሠራውን ብቻ ጻፍኩ፤ አንድ ቀን እሠራው ይሆናል የምለውን ተውኩት። የምሞርደው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፣ ቫርኒሽ የምቀባው በጨርቅ ነው። የቀሩት ምስማር፣ ሰጋቱራና የመኪና ጎማ ናቸው።

የገዛሁት የካሊፎርኒያ ኤር ቱልስ 8010 የሚባለውን ነው። ታንኩ 8 ጋሎን፣ ወደ 30 ሊትር ነው፤ ሞተሩ አንድ ፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 1,680 ዙር፤ በ90 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) 2.2 ሲኤፍኤም ያወጣል፣ እስከ 120 ድረስ ይሞላል። የተጻፈለት ድምፅ 60 ዲሲቤል ነው። በእኔ ጋራዥ 66 ነው የለካሁት፤ ወለሉም ግድግዳውም ሲሚንቶ በሆነበት ክፍል ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ አልገረመኝም። ከ88 ወደ 66። አጠገቡ ቆሜ ከባለቤቴ ጋር ድምፄን ሳላነሣ አወራሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስታው ይሰማኛል፤ የታመቀ አየር ባለበት ክፍል ውስጥ ሳይጮኹ ማውራት እንደሚቻል በልጅነቴ አላውቅም ነበር።

(እግረ መንገዴን፦ የአጎቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ገዝቼ አዲስ አበባ እንድልክለት ጠይቆኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። የዚህ አገር ሞተር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ ሞተሩ በስድስተኛ እጅ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል። እዚያው ለ50 ኸርዝ የተሠራውን ይግዛ።)

ነገሩ ግን ገዝቶ በማስቀመጥ አላለቀም። በመጀመሪያው ቀን ሲስተርን አስፈቅጄ ቤታቸው ገባሁ፤ ባለቤቴ በእኛ በኩል ማሽኑን እንድታስነሣ በስልክ ነገርኳት። ሲስተር ቡና እያፈሉ ነበር። በጆሮ የሚሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግድግዳው ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ግን ዝግ ያለ ንዝረት ተሰማኝ። አየሩን ያላለፈው ድምፅ በወለሉ በኩል እያለፈ ነበር። ተመልሼ ማሽኑን ከግድግዳው አራቅሁት፤ ከአሮጌ ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጬ ከእግሮቹ ሥር አደረግሁለት። ጎማ በቢላ መቁረጥ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ቢላውን በውኃ እያራሱ፣ ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ውጭ። እንደገና ሄጄ ግድግዳውን ዳሰስኩ። ምንም የለም። ሲስተር ሁለተኛውን ስኒ ቀድተው ሰጡኝና «ተነሥቷል?» አሉኝ።

ገመድ ማራዘሚያ ላይ አልሰካውም። ቀጭንና ረጅም ገመድ ቮልቱን ይጥልና ሞተሩን ያደክመዋል፤ ርቀት ካስፈለገ የሚረዝመው የአየር ቱቦው ነው። በየቀኑ ሥራ ስጨርስ አየሩን አውጥቼ ከታንኩ ሥር ያለውን መክፈቻ እፈታለሁ። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ከታች ከተኛ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ የተበላ ታንክ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። አባቴ ማታ ማታ ቁልፉን ከመቆለፉ በፊት ይህን ሳያደርግ ወጥቶ አያውቅም፤ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ፈርጥ ብሎ መንገዱ ላይ ሲፈስ አስታውሳለሁ። የጆሮ መሸፈኛዬንም አልጣልኩም። ኮምፕሬሰሩ ዝም ቢልም ምስማር መምቻው ዝም አይልም፣ አየር መንፊያው አፍም እንዲሁ፤ እነርሱ ከማሽኑ ይብሳሉ።

በግንቦት አባቴ ሊጠይቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን ጋራዡን አሳየሁት። መጋዙን፣ ማጣበቂያውን፣ ያልተጠናቀቀውን አትሮኖስ አንድ በአንድ አየ። ኮምፕሬሰሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ታንኩ ባዶ ነበርና አስነሣሁለት። ፊቱን አየሁ፤ የሚጠብቀው ድምፅ አልመጣም። «አልተነሣም?» አለኝ። ወደ ጆሮው ቀርቤ እየሠራ መሆኑን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ታንኩ ላይ አሳረፈ፣ ልክ በትኩሳት የተያዘ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ። እንዲያ ሆኖ ብዙ ቆየ። የግፊት መለኪያው 80፣ 90፣ 100 አለፈ። እኔ ስለ ፒስተኖቹ እያስረዳሁት ነበር፤ ምን ያህሉ እንደደረሰው እንጃ።

120 ላይ ሞተሩ ጠፋ። አባቴ እጁን አነሣ።

«ቆመ» አለ፣ ሳይጮህ። «ባልቦላው ደህና ነው። በል፣ አትሮኖስህን ጨርስ።»